ሎህ ሲጠብ፦ የላፕቶፕና የትናንሽ የቤት ኮምፒውተሮች ራም አመራረጥ

በዚህ ወር ዝግጅታችን ብዙ ቤተሰብ ገንዘብ የሚያወጣበትን፣ ነገር ግን ጥቂቶች ብቻ አውቀው የሚገዙትን አንድ ዕቃ እናነሣለን። ይኸውም በላፕቶፕና በትናንሽ የቤት ኮምፒውተሮች ውስጥ ያለው ማስታወሻ፣ በተለምዶ «ራም» የምንለው ነው።

ነገሩ በየቤቱ የሚታወቅ ነው። አንድ ቤተሰብ ያገለገለ ላፕቶፕ ይገዛል። የመጀመሪያዎቹን ወራት ደህና ይሠራል፤ ቆይቶ ግን መንቀርፈፍ ይጀምራል። ዩኒቨርሲቲ ያለችው ልጅ የመመረቂያ ጽሑፏን ከፍታ በጎን ከኢንተርኔት አንድ ሁለት ገጽ ስትጨምር ማሽኑ ይደርቃል። ታናሽ ወንድሟ የቪዲዮ ትምህርት ሲከታተል ድምፁ ይቆራረጥበታል። በዚህ ጊዜ ሦስት ዓይነት ምክር ይመጣል። አባት «ሸጠን ሌላ እንግዛ» ይላል። የሠፈሩ ቴክኒሻን «ራም ይጨመርበት» ይላል። ጎረቤት ደግሞ «ቫይረስ ነው፤ ፎርማት ይደረግ» ይላል። ከሦስቱ የትኛው ትክክል እንደሆነ ማሽኑን ሳይጠይቁ ማወቅ አይቻልም። ልብስ ሰፊ ሳይለካ ጨርቅ አይቆርጥም፤ እኛ ግን ለስንት ወር ያጠራቀምነውን ገንዘብ ሳንለካ እናወጣለን። የዛሬው ጽሑፋችን ዓላማ ይህን ልኬት ማንኛውም የቤተሰብ አባል ራሱ እንዲያደርገው ማስቻል ነው።

ራም ምን ይሠራል?

ቁርኣን ቤት የተማረ ሁሉ ሎህን ያውቃል። ደረሳው የዕለቱን ትምህርት በእንጨት ሎሁ ላይ ይጽፋል፤ እያነበበ ያጠናል፤ ካሰማ በኋላ አጥቦት ሌላ ይጽፍበታል። ኪታቦቹ ግን በመደርደሪያ ላይ ለዓመታት ይቆያሉ። ኮምፒውተርም እንዲሁ ሁለት ቦታ አለው። ራም ሎሁ ነው፤ ማሽኑ አሁን የሚሠራበትን ነገር ይይዛል፤ ማሽኑ ሲጠፋም ይታጠባል። ሃርድ ዲስክ ወይም ኤስኤስዲ መደርደሪያው ነው፤ ፎቶውም ጽሑፉም የሚቀመጠው እዚያ ነው።

ሎሁ ቢጠብ ምን ይሆናል? ደረሳው ግማሹን አጥቦ ሌላ መጻፍ፣ የቀድሞው ሲያስፈልገው ደግሞ ተነሥቶ ወደ መደርደሪያው መሄድ ግድ ይሆንበታል። ኮምፒውተርም ራሙ ሲሞላ ለጊዜው ያልተፈለገውን ወደ ዲስኩ ያወጣል፤ ሲፈለግ መልሶ ያስገባል። ዲስክ ከራም እጅግ የዘገየ ስለሆነ፣ ማሽኑ ደረቀ የምንለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምልልስ ላይ ሳለ ነው።

ከዚህ ሁለት ቁም ነገሮች እናገኛለን። አንደኛው፣ ራም ሲቀየር ወይም ሲጨመር ፋይላችን አይነካም፤ ፋይል ያለው በመደርደሪያው ላይ ነውና። ሁለተኛው፣ በገበያ «ሚሞሪ» የሚለው ቃል ለሁለቱም ይነገራል። ሻጭ «256 ጊጋ ሚሞሪ አለው» ሲላችሁ የሚናገረው ስለ መደርደሪያው ነው። ስለዚህ «ራሙስ ስንት ነው?» ብላችሁ ለይታችሁ ጠይቁ።

መጀመሪያ መለካት

ልኬቱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በተለመደው የሥራ ሰዓት፣ ሁልጊዜ የምትከፍቷቸውን ሁሉ ክፈቱ። ከዚያም ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር የሚባል መስኮት ይመጣል። በውስጡ ፐርፎርማንስ የሚለውን ክፍል ብትከፍቱ የፕሮሰሰሩን፣ የራሙንና የዲስኩን ሥራ በመቶኛ ያሳያችኋል። ሊኑክስ የምትጠቀሙ ከሆነ ፍሪ የሚለው ትዕዛዝ የራሙን መጠንና አጠቃቀም ይሰጣችኋል።

አሁን ፍርዱን እንስጥ። ራሙ ከ85 በመቶ በላይ ሞልቶ ዲስኩም ያለ ዕረፍት የሚሠራ ከሆነ ሎሁ ጠቧል፤ ራም መጨመር ይጠቅማል። ራሙ ግማሹ ባዶ ሆኖ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ከተቀመጠ ግን ራም ብትጨምሩ ለውጥ አታዩም። እንዲህ ያለው ማሽን ብዙ ጊዜ አሮጌው፣ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ያለበት ነው፤ መድኃኒቱም በኤስኤስዲ መቀየር ነው። ሁለቱ ዐርፈው ፕሮሰሰሩ ብቻ 100 በመቶ ከሆነ ደግሞ አንዱም አያድነውም፤ ወይ አንድ ፕሮግራም ተበላሽቷል፣ ወይ ማሽኑ ለያዘው ሥራ ዐቅሙ አይበቃም።

ሌላም ማየት ያለባችሁ አለ። ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ ራም ሊጠቀም አይችልም። በሴቲንግ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያም አባውት የሚለውን ብትከፍቱ የትኛው እንደሆነ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ባለ 32 ቢት ሆኖ ሳለ 8 ጊጋ የገዛ ሰው፣ ስርዓቱን ካልቀየረ በቀር ግማሹን ገንዘብ እንደጣለ ይቆጠራል።

ስንት ጊጋ ይበቃል?

4 ጊጋ ዛሬ ለጽሑፍና ለአንድ ሁለት የኢንተርኔት ገጽ ብቻ ነው። ዊንዶውስ 11 ለመጫን የሚጠይቀው ዝቅተኛው 4 ጊጋ ቢሆንም፣ የተጫነበት ማሽን ያለ ጭንቀት ይሠራበታል ማለት ግን አይደለም። ለተማሪ፣ ማለትም ጽሑፍ፣ ብዙ ገጽ ያላቸው መጻሕፍት፣ የቪዲዮ ትምህርትና የኢንተርኔት ንባብ ለሚያጣምር 8 ጊጋ ደህና ነው። ፕሮግራም ለሚማር፣ ፎቶ ለሚያስተካክል ወይም ማሽኑን ለረጅም ዓመት ሊይዝ ላሰበ 16 ጊጋ ይመረጣል። 32 ጊጋና ከዚያ በላይ ቪዲዮ ለሚያቀናብርና በአንድ ማሽን ውስጥ ሌላ ማሽን ለሚያስነሣ ባለሙያ ነው። ከሚያስፈልገው በላይ የተገዛ ራም ባዶውን ይቀመጣል እንጂ ማሽኑን አያፈጥነውም።

አብዛኞቹ ያገለገሉ ላፕቶፖች የራሳቸው የግራፊክስ ካርድ የላቸውም። ስለዚህ ለስክሪኑ ሥዕል ከዋናው ራም ይቆርጣሉ። 4 ጊጋ ያለው ማሽን ሙሉውን 4 ጊጋ ለእናንተ የማይሰጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሰሌዳው ምን ይቀበላል?

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው። ገዢ የፈለገውን፣ ሻጭ ያለውን ቢያቀርብም የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው የማሽኑ ዋና ሰሌዳ ነው። ሰሌዳውን ሦስት ነገር እንጠይቀዋለን።

1ኛ. ራሙ ይነቀላል ወይስ ተበይዷል? በአንዳንድ ላፕቶፖች ራሙ በሰሌዳው ላይ በብየዳ የተያዘ ስለሆነ መጨመር አይቻልም። የአፕል ማክቡክ ኤር ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲህ ነው፤ የሌኖቮ ቲንክፓድ ኤክስ1 ካርበንም እንዲሁ። በስም መመሳሰል መታለል የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው። ቲንክፓድ ቲ480 ሁለት የራም መሰኪያ አለው። ስሙ በአንድ ፊደል ብቻ የሚለየው ቲ480ኤስ ግን አንዱ ራም የተበየደ ሲሆን የሚቀረው መሰኪያ አንድ ነው። በገበያ «ያው ነው» ሊባሉ የሚችሉ ሁለት ማሽኖች፣ ነገ ለማሳደግ ሲታሰብ ያው አይደሉም።

2ኛ. መሰኪያው ስንት ነው? ስንቱስ ባዶ ነው? ይህንንም ታስክ ማናጀር በሚሞሪ ገጹ ይነግራችኋል። «ስሎትስ ዩዝድ» በሚለው መስመር ላይ 1 ከ2 የሚል ካያችሁ አንድ ባዶ መሰኪያ አለ ማለት ነው። ከእሱ አጠገብ «ፎርም ፋክተር» በሚለው ቦታ «ሶዲም» የሚል ከተጻፈ የሚነቀል ዓይነት ነው። ይሁንና አንዳንድ ማሽን የተበየደውንም እንደ መሰኪያ ስለሚቆጥር፣ ከመግዛታችሁ በፊት ክዳኑን አስከፍቶ ማየት የበለጠ እርግጠኛ ያደርጋል።

3ኛ. የትኛውን ትውልድ ይቀበላል? የራም ትውልዶች ዲዲአር3፣ ዲዲአር4፣ ዲዲአር5 እየተባሉ ይጠራሉ። መመዘኛቸው በተከታታይ በ2007፣ በ2012ና በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። የላፕቶፕ ዲዲአር3 204 የመዳብ እግሮች ሲኖሩት፣ ዲዲአር4 260፣ ዲዲአር5 262 አላቸው፤ በጠርዛቸው ላይ ያለው ቁርጥም ቦታው ይለያያል። ስለዚህ አልገባ ሲል ገፍቶ ማስገባት ሰሌዳውን መስበር ነው። የሚጠጡት ኤሌክትሪክም ይለያያል፤ ዲዲአር3 1.5 ቮልት፣ ዲዲአር4 1.2፣ ዲዲአር5 1.1 ቮልት ነው።

በመካከል አንድ ወጥመድ አለ። ዲዲአር3ኤል የሚባለው፣ ቅርጹ ከዲዲአር3 ጋር አንድ ሆኖ በ1.35 ቮልት የሚሠራ ነው። ዲዲአር3ኤል በአሮጌው 1.5 ቮልት መሰኪያም ይሠራል። ዲዲአር3ኤልን ብቻ የሚፈልግ ላፕቶፕ ግን ተራውን ዲዲአር3 ብትሰኩበት ገብቶ ሳለ ማሽኑ ላይነሣ ይችላል። ኤች ፒ ኤሊትቡክ 840ን ብንወስድ፣ ሁለተኛው ጂ2 ዲዲአር3ኤል ሲወስድ፣ ተከታዩ ጂ3 ዲዲአር4 ነው የሚወስደው። መልካቸው እጅግ ይቀራረባል፤ ራማቸው ግን ፈጽሞ አይለዋወጥም።

ትናንሽ የቤት ኮምፒውተሮችስ?

በቴሌቪዥን ጀርባ ወይም በጠረጴዛ ጥግ የሚቀመጡት ትናንሽ ሳጥኖች፣ ማለትም ዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር ታይኒ፣ ኤች ፒ ኤሊትዴስክ ሚኒ የመሳሰሉት የሚወስዱት የላፕቶፑን አጭር ራም ነው። ርዝመቱ 7 ሴንቲ ሜትር ግድም ሲሆን የትልቁ ዴስክቶፕ ራም ግማሽ ያህል ይሆናል። «ዴስክቶፕ ነው» ብለው ረጅሙን ገዝተው የሚመለሱ ብዙ ናቸው። ማክ ሚኒ ደግሞ በዓመተ ምርቱ ይለያያል፤ የ2012ቱ ይጨመርበታል፣ የ2014ቱ የተበየደ ነው፣ የ2018ቱ እንደገና የሚነቀል ሆነ፣ ከ2020 ወዲህ የወጡት የአፕል ቺፕ ያላቸው ደግሞ ራማቸው ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ ላይ የታሸገ ነው። ለልጆች ትምህርት የሚወደደው ራስፕቤሪ ፓይም ራሙ የተበየደ ስለሆነ፣ ስትገዙ የሚበቃችሁን መጠን መርጣችሁ መግዛት አለባችሁ።

ጽሑፉን ማንበብ

በራሙ ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል። በላቲን ፊደል የታተመውን በእኛ ፊደል ብናስቀምጠው «8 ጂቢ፣ ፒሲ4-2400ቲ» የሚል ዓይነት ነው። 8 ጂቢ መጠኑ ነው። ፒሲ4 ማለት ዲዲአር4 ነው። 2400 ፍጥነቱ ነው። በአሮጌዎቹ ላይ ደግሞ «ፒሲ3ኤል-12800ኤስ» የሚል ታያላችሁ። ፒሲ3ኤል ዲዲአር3ኤል መሆኑን፣ መጨረሻ ላይ ያለው ኤስ የላፕቶፕ መሆኑን ያመለክታል። 12800 ብዙ ሰው ያደናግራል፤ ምሥጢሩ ቀላል ነው። ፍጥነቱ 1600 ሲሆን በአንድ ጊዜ 8 ባይት ስለሚያሳልፍ 1600 በ8 ሲባዛ 12800 ይሆናል። እንዲሁም 2400 በ8 ሲባዛ 19200 ነው። ስለዚህ 2400 የሚለውና 19200 የሚለው ራም አንድ ዓይነት ናቸው።

ፍጥነታቸው የተለያየ ሁለት ራሞች አንድ ላይ ቢሰኩ፣ በአብዛኛው ሁለቱም በዘገየው ፍጥነት ይሠራሉ። ስለሆነም ማሽኑ ከሚቀበለው በላይ ለሆነ ፍጥነት ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈሉ። በሌላ በኩል ሁለት እኩል ራሞች በሁለት መሰኪያ ሲገቡ መንገዱ በእጥፍ ይሰፋል፤ በተለይ ለቪዲዮና ለሥዕል ጥቅሙ ይታያል። 4 ጊጋና 8 ጊጋ ማደባለቅም ይቻላል፤ መንገዱ የሚሰፋው እኩል ለሆነው ክፍል ብቻ ነው።

በጅዳ፣ በዱባይ ወይም በሌላ አገር ያለ ዘመድ «ምን ላምጣላችሁ?» ሲል «ራም» ብላችሁ ብቻ አትላኩ። ያለውን ራም ወረቀት በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ፣ የላፕቶፑን ሙሉ ስም እስከ መጨረሻው ፊደል ጽፋችሁ ላኩለት። ከሩቅ የመጣ ዕቃ ካልገጠመ ለመመለስ አስቸጋሪ ነው።

ገንዘቡ ይገባዋል?

ቀደም ሲል ያነሣነውን ቤተሰብ እናስብ። ማሽናቸው ኤሊትቡክ 840 ጂ3 ሆነ እንበል። አንድ 4 ጊጋ ራም አለው፤ አንድ መሰኪያ ባዶ ነው። ልኬቱ ራሙ 92 በመቶ መሙላቱን አሳየ። አንድ ዲዲአር4 8 ጊጋ ቢጨምሩ 12 ጊጋ ይሆንላቸዋል፤ ያለውንም አይጥሉም። ሌላ ላፕቶፕ ከመግዛት ጋር ሲነጻጸር ወጪው ትንሽ ነው።

ሆኖም አባትየው አንድ ነገር ማወቅ አለበት። ዊንዶውስ 10 በ14 ኦክቶበር 2025 መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በአብዛኛው 8ኛ ትውልድና ከዚያ በኋላ ያሉትን ነው በይፋ የሚቀበለው። ጂ3 ግን 6ኛ ትውልድ ነው። ራም መጨመር ይህን አይቀይረውም። ልጅቷ ጽሑፏን እስክትጨርስ ለአንድ ዓመት ያህል ከፈለጉት፣ ወይም እንደ ሊኑክስ ሚንት ያለውን ነጻ ስርዓት ለመጠቀም ከተስማሙ፣ ራሙ ዋጋውን ያወጣል። አምስት ዓመት እንዲያገለግል ከፈለጉ ግን ገንዘቡን ለሌላ ማሽን ማጠራቀሙ ይሻላል። እንዲህ ያለውን ስሌት ቤተሰቡ ተቀምጦ ይምከርበት።

የዋጋው ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። በዓለም ላይ አብዛኛውን ራም የሚያመርቱት ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን የተባሉ ሦስት ድርጅቶች ናቸው። በ2025 እ.ኤ.አ. የመጨረሻ ወራት፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የሚያንቀሳቅሱ ታላላቅ የመረጃ ማዕከሎች ብዙውን ምርት ስለወሰዱት የራም ዋጋ በዓለም ገበያ አሻቀበ። ማይክሮንም በዲሴምበር 2025 «ክሩሻል» በሚል ስም ለተራው ሸማች ሲሸጥ የቆየውን ንግድ እንደሚያቆም አስታወቀ። ዕቃ ሲወደድ ማጭበርበርም ይበዛል። ስለዚህ ያገለገለ ራም ስትገዙ ሱቁ ውስጥ ተሰክቶ መጠኑና ፍጥነቱ በታስክ ማናጀር ይታይ። ለጥቂት ቀናት የመመለሻ ጊዜም ተስማሙ። ቤት ስትደርሱ በዊንዶውስ ውስጥ ያለውን ሚሞሪ ዳያግኖስቲክ የሚባለውን መፈተሻ አስጀምሩና እስኪጨርስ ተዉት። አንድ ስሕተት እንኳ ካወጣ ራሙን መልሱት፤ የታመመ ራም ጽሑፍ ያበላሻል፣ ማሽኑንም በድንገት ያጠፋል።

ላፕቶፕ ለጥገና ስትሰጡም የራሙን መጠንና የወረቀቱን ጽሑፍ መዝግባችሁ ስጡ፤ ስትቀበሉም አመሳክሩ። ይህ ሰውን መጠርጠር አይደለም። ለባለሙያውም ከሐሜት መዳኛ ነው። ነጋዴ ወንድሞቻችንም ራሙ የተበየደ ከሆነ ገዢው ሳይጠይቅ ቢነግሩት፣ የዕቃን ዐይብ አለመሸሸግ ማለት ይኸው ነው።

ስንገጥም

ክዳኑ በቀላሉ የሚከፈት ከሆነ ሥራው ከባድ አይደለም። ማሽኑን ሙሉ በሙሉ አጥፉ፤ ቻርጀሩን ንቀሉ፤ ባትሪው የሚነቀል ከሆነ አውጡት። ባትሪው ከውስጥ ከሆነ ክዳኑ እንደተከፈተ ከሰሌዳው ጋር የሚያገናኘውን ገመድ ንቀሉ። በቲንክፓዶች ላይ አስቀድሞ በባዮስ ውስጥ ባትሪውን ማቋረጥ ይቻላል። ከዚያ ማብሪያውን ለ10 ሰከንድ ተጭናችሁ የቀረውን ኤሌክትሪክ አስወጡ። በሱፍ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣችሁ አትሥሩ፤ ሱፍ በሰውነት ላይ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማልና። ራሙን ከመንካታችሁ በፊት ቀለም ያልተቀባ ብረት ንኩ።

ልክ የሆነ ካቻቢቴ ተጠቀሙ፤ ብሎኖቹንም በወጡበት ቅደም ተከተል በሲኒ ማስቀመጫ ላይ ደርድሩ። ራሙን በጠርዙ ያዙት፤ የመዳብ እግሮቹን አትንኩ። ቁርጡን ከመሰኪያው ጥርስ ጋር አስተካክላችሁ፣ ሰያፍ አድርጋችሁ እስከ መጨረሻው አስገቡ። ከዚያ ሁለቱ የጎን መያዣዎች ጠቅ እስኪሉ ወደ ታች ተጫኑት። መጀመሪያ ስታበሩት ማሽኑ አዲሱን ራም እስኪለይ ስክሪኑ ለጥቂት ጊዜ ጥቁር ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ዲዲአር5 ያለው ይዘገያል፤ አትደንግጡ። ከደቂቃዎች በኋላም ካልተነሣ አጥፍታችሁ እንደገና ሰክታችሁ ሞክሩት። ክዳኑ በማጣበቂያ የተያዘ ቀጭን ማሽን ከሆነ ግን ለባለሙያ ተዉት።

በመጨረሻም ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ትንሽ ሥራ እንስጥ። ዛሬ ማታ የቤታችሁን ኮምፒውተር ክፈቱና አምስት ነገር በወረቀት ጻፉ፦ የማሽኑ ሙሉ ስም፣ የራሙ መጠን፣ ትውልዱ፣ የመሰኪያው ብዛት፣ በሥራ ሰዓት የሚሞላው መቶኛ። ወረቀቱን ከማሽኑ ሥር ለጥፉት። ማሽኑ የተንቀረፈፈ ዕለት፣ ሱቅ የሚሄደው አባትም ይሁን ልጅ፣ የሚፈልገውን አውቆ ይሄዳል።

በሚቀጥለው ወር እትማችን ኢንሻአላህ ስለ መደርደሪያው፣ ማለትም ሃርድ ዲስክን በኤስኤስዲ ስለመቀየርና የቤተሰብ ፎቶዎችን ስለማትረፍ እንመለሳለን።